ቡንራኩ፦ ስለ ጃፓን የአሻንጉሊት ቲያትር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቡንራኩ ሳወራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቡንራኩ ምንድን ነው?

ኦሳካ ከተማ ውስጥ ያደገ፣ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የአሻንጉሊት ቲያትር ነው። ሦስት ሙያዎች ይገናኙበታል። አንደኛው ታዩ የሚባለው ተራኪ ነው፤ ታሪኩን እየተናገረ፣ እያዜመ፣ እያለቀሰ ያወርደዋል። ሁለተኛው ሻሚሰን የሚባለውን ባለ ሦስት ክር የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወተው ሰው ነው። ሦስተኛዎቹ አሻንጉሊቱን የሚያንቀሳቅሱት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቡንራኩ የለም።

አሻንጉሊት ከሆነ የልጆች ነገር አይደለም እንዴ?

አይደለም። ታሪኮቹ ስለ ዕዳ፣ ስለ ክህደት፣ ለጌታ ስለመታመን፣ አብረው መኖር ስላልቻሉ ፍቅረኞች ናቸው።

አንዱን ልንገራችሁ። በ1746 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ሱጋዋራ ደንጁ ተናራይ ካጋሚ» ውስጥ የመንደር ትምህርት ቤት ትዕይንት አለ። መምህሩ የተሰደዱትን ጌታ ልጅ ደብቆ ያስተምራል። ጠላቶች ደርሰውበት የልጁን ራስ ቆርጠህ አምጣ ይሉታል። መምህሩ ጨንቆት በዚያው ቀን አዲስ የገባን አንድ ተማሪ በምትኩ ይገድላል። የልጁን ማንነት እንዲያረጋግጥ የተላከው ማትሱኦማሩ የሚባል ሰው ነው። ሣጥኑ ይከፈታል። ማትሱኦማሩ አይቶ «አዎ፣ እሱ ነው» ብሎ ይመሰክራል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን የገዛ ልጁ ነው። ሆን ብሎ፣ ለተሰደዱት ጌታ ልጅ ቤዛ እንዲሆን የላከው ራሱ ነበር። ይህን ለሕፃን እንዴት ያሳያሉ?

እርግጥ ነው፣ ኦሳካ ያለው ብሔራዊ ቲያትር በጃፓን በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚያዩት የተለየ ዝግጅት አለው።

ለአንድ አሻንጉሊት ሦስት ሰው ለምን አስፈለገ?

መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ነበር የሚይዘው። በ1734 ግን ታኬሞቶ-ዛ በሚባለው የኦሳካ ቲያትር ቤት አንድ አሻንጉሊት ለሦስት ሰው የሚካፈልበት አሠራር ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ አሻንጉሊቶቹም ተለቅ አሉ፤ አንዳንዶቹ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር በላይ ነው።

ሥራው እንዲህ ይከፋፈላል። ዋናው አንቀሳቃሽ ኦሞዙካይ ይባላል። ግራ እጁን በአሻንጉሊቱ ጀርባ አስገብቶ የጭንቅላቱን እጀታ ይጨብጣል። እጀታው ላይ ያሉትን ክሮች በጣቱ እየሳበ ዓይን፣ ቅንድብና አፍ ያንቀሳቅሳል። በቀኝ እጁ ደግሞ የአሻንጉሊቱን ቀኝ እጅ ይይዛል። ሁለተኛው ሰው የግራ እጅ ብቻ ነው ኃላፊነቱ፤ ከእጁ ጋር በተያያዘ ዘንግ ከጎን ሆኖ ያንቀሳቅሰዋል። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ይይዛል። አሻንጉሊቱ መሬት ሲረግጥ የሚሰማውን ኮቴ በገዛ እግሩ የሚያሰማውም እሱ ነው።

አሁን አንዲት ሴት በእጅጌዋ እንባዋን ስትጠርግ አስቡ። ቀኝ እጇ የአንድ ሰው ነው፣ ግራ እጇ የሌላ። አንገቷን የሚደፋው ያው የቀኙ ሰው ነው። ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ሲሠሩ ብቻ ነው። ማንም «አሁን» አይልም። ዋናው ሰው በራሱ ወይም በትከሻው ትንሽ ምልክት ይሰጣል፤ ተመልካቹ ልብ አይልም። እግር ያዡ ደግሞ ክንዱን ወደ ዋናው ሰው ወገብ አስጠግቶ ነው የሚሠራው። ዋናው ሰው ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ ገና ሳይራመድ፣ እሱ አውቆታል።

ጫማውም አለ። ዋናው አንቀሳቃሽ ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ጫማ ያደርጋል። ከፍ ካላለ ለእግር ያዡ ቦታ አይኖረውም። ድምፅ እንዳያሰማ ከሥሩ ገለባ ይታሰርበታል። እንግዲህ ይህን ጫማ አድርጎ፣ አንዳንዴ 10 ኪሎ የሚደርስ የጦረኛ አሻንጉሊት በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳያሳይ መቆም አለበት።

ሰዎቹ እየታዩ ስሜቱን አያበላሹትም?

ሁለቱ ረዳቶች ከራስ እስከ እግር ጥቁር ይለብሳሉ፤ ፊታቸውም ይሸፈናል። ዋናው አንቀሳቃሽ ግን በብዙ ትዕይንቶች ላይ ፊቱን ገልጦ፣ የክብር ልብሱን ለብሶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አዎ፣ ይታያሉ። ሊደብቁም አልፈለጉም።

መጀመሪያ ዓይናችሁ ወደ ሰዎቹ መሄዱ አይቀርም። ጥቂት ቆይቶ ግን አሻንጉሊቱን ብቻ ታያላችሁ። የዚህ ምክንያት ይመስለኛል የዋናው አንቀሳቃሽ ዓይን ነው። እሱ ተመልካቹን አያይም፣ አሻንጉሊቱን ነው የሚያየው። ያለውን ሕይወት በሙሉ ወደዚያ ስለሚሰድ እናንተም ተከትላችሁት ትሄዳላችሁ። ለእኔ የቡንራኩ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ምንም የሚደበቅ ተንኮል የለም፤ ሁሉም ነገር ዓይናችሁ ፊት እየተሠራ ታምናላችሁ።

የሴት አሻንጉሊቶች እግር የላቸውም የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው እውነት ነው። ረጅም ኪሞኖ ስለሚለብሱ እግር አይሠራላቸውም። እግር ያዡ የቀሚሱን ጠርዝ በጣቶቹ ቆንጠጥ አድርጎ ይዞ እርምጃውን ይሠራል፤ ስትቀመጥ ደግሞ ጡጫውን ከውስጥ አስገብቶ ጉልበት ያስመስላል።

ስለዚህ አንዲት ሴት እግሯን ስታሳይ ቤቱ በሙሉ ፀጥ ይላል። ይህ የሚሆነው «ሶኔዛኪ ሺንጁ» በሚባለው ተውኔት ነው። ቶኩቤ የሶይ ሶስ ሱቅ ተቀጣሪ ነው። የሚወዳት ኦሃቱ ደግሞ ተንማያ በሚባል ቤት ያለች ሴተኛ አዳሪ ናት። ኩሄይጂ የሚባል ጓደኛው ገንዘብ ይበደረውና ይክዳል። መካድ ብቻ ሳይሆን «የሐሰት ማኅተም አድርጎ ሊያስከፍለኝ ነው» ብሎ በአደባባይ ያዋርደዋል፣ ያስደበድበዋል። ቶኩቤ ስሙ ጠፋ።

ያን ዕለት ማታ ተደብቆ ወደ ኦሃቱ ይመጣል። እሷም በቀሚሷ ሸፍና ከበረንዳው ሥር ታስገባዋለች። ወዲያው ኩሄይጂ ራሱ መጥቶ እዚያው ቁጭ ብሎ ቶኩቤን እየሰደበ ይጎርራል። ኦሃቱ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቶኩቤ ከታች ሆኖ ይሰማል፣ በንዴት ይንቀጠቀጣል። እሷ ለራሷ የምታወራ መስላ «ቶኩቤ እኮ ከዚህ ወዲያ ከመሞት ሌላ ምን አለው? መቁረጡን ማወቅ ነው የምፈልገው» ትላለች። እግሯንም ዝቅ ታደርጋለች። እሱ ከሥር ቁርጭምጭሚቷን ይይዝና በጉሮሮው ላይ ያሳልፈዋል። ቆርጬአለሁ ማለቱ ነው። ከላይ ያሉት ሰዎች ምንም አላወቁም። ለዚህች አንዲት ትዕይንት ሲባል ለኦሃቱ እግር ይሠራላታል፤ ያውም አንድ ብቻ።

ይህ ታሪክ በእውነት የሆነ ነው?

አዎ። በ1703 ጸደይ ላይ ኦሳካ ውስጥ፣ ሶኔዛኪ ከሚባለው ቤተ መቅደስ ጫካ ውስጥ፣ ሁለት ወጣቶች አብረው ሞተው ተገኙ። ተውኔት ጸሐፊው ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን ታሪኩን ወስዶ ጻፈው። አደጋው ከደረሰ አንድ ወር ገደማ ውስጥ መድረክ ላይ ዋለ። እስከዚያ ድረስ መድረኩ የመኳንንትና የጦረኞች ነበር። ቺካማትሱ ግን ተመልካቹ በየቀኑ የሚያያቸውን ሰዎች፣ የሱቅ ተቀጣሪና ሴተኛ አዳሪን፣ የአሳዛኝ ታሪክ ባለቤት አደረጋቸው። ሕዝቡ ጎረፈ። ዕዳ ውስጥ የነበረው ታኬሞቶ-ዛ በዚሁ ተውኔት ነፍስ ዘራ።

ግን መዘዝም አመጣ። ተውኔቶቹ በበዙ ቁጥር የፍቅረኞች አብሮ መሞትም እየተበራከተ ነው ተብሎ፣ በ1723 መንግሥት እንዲህ ያሉ ታሪኮች እንዳይታዩ ከለከለ። «ሶኔዛኪ ሺንጁ»ም ለረጅም ዘመን ከመድረክ ጠፍቶ ኖረ። በቡንራኩ መድረክ እንደገና የተነሣው በ1955 ነው። ዛሬ ቦታው ኦሃቱ ተንጂን ተብሎ ይጠራል፤ ፍቅረኞች እየሄዱ ይጸልዩበታል።

ታዩ የሚሠራው በትክክል ምንድን ነው?

ሁሉንም። አሻንጉሊቶቹ ድምፅ የላቸውም። የሽማግሌው ሳል፣ የወጣቷ ልቅሶ፣ የጦረኛው ሳቅ፣ የሕፃኑ ጥያቄ፣ በመሀል ያለው ትረካ በሙሉ ከአንድ ሰው አፍ ነው የሚወጣው። አንዳንድ ትዕይንት ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። በድሮ ጊዜ ተመልካቹ ቡንራኩን «ሊሰማ» ነበር የሚሄደው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው የሚበቃኝ ጊዜ አለ።

ታዩና ሻሚሰን ተጫዋቹ የሚቀመጡት ከመድረኩ ውጭ፣ ለተመልካቹ በስተ ቀኝ በኩል ባለች ከፍ ያለች ቦታ ላይ ነው። ወለሏ ይሽከረከራል፤ ግድግዳው ዞር ሲል አዲስ ጥንድ ብቅ ይላል። አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው «ቶዛይ» ብሎ ድምፁን እየጎተተ ስማቸውን ያስተዋውቃል። ታዩ ፊቱ ያለውን መጽሐፍ በሁለት እጁ አንስቶ ግንባሩ ድረስ ያደርሳል፣ ይሰግድለታል። መጽሐፉ በእጅ የተጻፈ ነው፤ በገጽ አምስት መስመር ብቻ፣ በወፍራም ብዕር። ጨዋታው በቃሉ ነው፤ ቢሆንም መጽሐፉን ገጽ በገጽ ይገልጣል። የደራሲው ቃል እንዳለ ይከበራል ማለት ነው።

ከልብሱ ሥር የማይታይ ነገር አለ። ሆዱን በሰፊ መቀነት ጥብቅ አድርጎ ይታሰራል። አሸዋ ወይም ባቄላ መሰል ጥራጥሬ የሞላባት ትንሽ ከረጢትም ብብቱ ውስጥ፣ ሆዱ ላይ ይጨምራል። ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ እንዲወጣ ነው። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ትንሽ ዱካ ትገባለታለች።

ታኬሞቶ ሱሚታዩ የሚባሉ ታላቅ ተራኪ ነበሩ፤ በ1924 የተወለዱ፣ በ1989 ደግሞ የጃፓን መንግሥት ለታላላቅ የጥበብ ባለሙያዎች በሚሰጠው ማዕረግ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተብለው የተሰየሙ። በ2012 ስትሮክ መታቸው። ለተራኪ አንደበት ማለት ሁሉም ነገር ነው። ቃል በቃል ከዜሮ ተለማምደው በ2013 መጀመሪያ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2014፣ በ89 ዓመታቸው፣ በቃኝ ብለው ተሰናበቱ። በ2018 አረፉ።

ሻሚሰኑ አጃቢ ነው?

አይደለም። የእኛ አዝማሪ ራሱ ይመታል፣ ራሱ ይዘፍናል፤ እዚህ ያ ሥራ ለሁለት ሰው ተከፍሏል ብላችሁ ያዙት። ቡንራኩ የሚጠቀምበት ሻሚሰን ወፍራም አንገት ያለው፣ ድምፁ ከባድ የሆነው ዓይነት ነው። አንድ ምት ብቻ በረዶ መጣሉን፣ ሌሊት መንጋቱን ወይም ሰውየው ሐሳቡን መለወጡን ትናገራለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አይተያዩም። መሪ የሚባል ሰው የለም።

አሻንጉሊቱ ከምን ይሠራል?

ጭንቅላቱ ከጃፓን ጽድ እንጨት ይቀረጻል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ዓይንና ቅንድብ የሚያንቀሳቅሱት ክሮች እዚያ ናቸው። ክሮቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰው ስፕሪንግ በባህሉ የሚሠራው ዓሣ ነባሪ አፍ ውስጥ ካለው ተጣጣፊ ዝርግ ነው። ብረት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ለስላሳ አይሆንም ይላሉ ባለሙያዎቹ። ፀጉሩ የሰው ፀጉር ነው፤ አንዳንዴ ያክ የሚባለው ፀጉራም የበሬ ዘር ጭራ ይጨመርበታል።

የሚገርመው፣ ደረት የሚባል ነገር የለውም። ከትከሻ ጣውላ ላይ ጨርቅ ይወርዳል፣ ከታች የቀርከሃ ቀለበት ወገብ ይሆናል። የቀረውን ልብሱ ይሸፍነዋል። ልብሱን አሻንጉሊቱ ላይ የሚሰፋው ዋናው አንቀሳቃሽ ራሱ ነው። የአንገትጌው አጣጣል የገጸ ባህሪውን ዕድሜና ጠባይ ስለሚናገር ለሌላ ሰው አይተወውም።

ጭንቅላቶቹ ስም አላቸው፤ አንዱ ጭንቅላት ቀለሙና ፀጉሩ እየተለወጠ በብዙ ተውኔት ይሠራል። ሙሱሜ የምትባለው የልጃገረድ ፊት አፏ ጫፍ ላይ የማትታይ መርፌ አለቻት። ለቅሶዋን ስታፍን የእጅጌዋን ጨርቅ መርፌዋ ላይ ሰካ ያደርጉታል፤ በጥርሷ የነከሰችው ይመስላል። ጋቡ የምትባለዋ ደግሞ ቆንጆ ሴት ናት። ክሩ ሲሳብ አፏ እስከ ጆሮዋ ይቀደዳል፣ ዓይኗ ወርቃማ ይሆናል፣ ቀንድ ይወጣታል። ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ውስጥ ነው የሚሆነው።

ማን ጀመረው? ስሙስ ከየት መጣ?

ታኬሞቶ ጊዳዩ የሚባል ተራኪ በ1684 ኦሳካ፣ ዶቶንቦሪ ሰፈር ውስጥ ታኬሞቶ-ዛን ከፈተ። ያወጣው የአተራረክ ስልት ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከቺካማትሱ ጋር መግጠማቸው ለዚህ ጥበብ ትልቅ ዕድል ነበር። በ1703 ቶዮታኬ-ዛ የሚባል ተፎካካሪ ቤት ተከፈተና ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ ጥበቡን አሳደጉት። ከ1746 እስከ 1748 ባሉት ዓመታት ብቻ ሦስቱ ታላላቅ ተውኔቶች ወጡ። የመጨረሻው ስለ 47ቱ ጌታ አልባ ጦረኞች የሚተርከው «ካናደሆን ቹሺንጉራ» ነው።

ከዚያ ቲያትር ቤቶቹ ተዳከሙ። ኡኤሙራ ቡንራኩከን የሚባል ከአዋጂ ደሴት የመጣ ሰው ኦሳካ ላይ ትንሽ ቤት ከፍቶ ጥበቡን አስቀጠለው። የእሱ ወራሾች በ1872 ቤቱን ቡንራኩ-ዛ አሉት። ሌሎቹ ሲዘጉ ያ ቤት ስለተረፈ የቤቱ ስም የጥበቡ ስም ሆኖ ቀረ።

ከካቡኪ ጋር ልዩነቱ ምንድን ነው?

ካቡኪ በሰው ተዋናይ የሚሠራ የጃፓን ባህላዊ ቲያትር ነው። ተውኔት ግን ይዋዋሳሉ፤ ካቡኪ ብዙዎቹን ታላላቅ ታሪኮቹን የወሰደው ከአሻንጉሊቶቹ ነው። አንዳንድ ጊዜ የካቡኪ ተዋናይ ስሜቱ ጫፍ ሲደርስ ሆን ብሎ እንደ አሻንጉሊት ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላው አንቀሳቃሽ መስሎ የሚቆም ሰውም ይኖረዋል።

ሴቶች ይሠራሉ?

የኦሳካው ቡድን እስካሁን የወንዶች ብቻ ነው። ይህን እንደ ጉድለት ነው የማየው። ከዚያ ውጭ ግን ሴቶች አሉ። አዋጂ ደሴት ላይ ባለው ቲያትር ሴቶች ይተርካሉ፣ ይጫወታሉ፣ አሻንጉሊትም ይይዛሉ። እዚያው አዋጂ የተወለዱት ተራኪ ታኬሞቶ ኮማኖሱኬ በ1999 ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተብለዋል። አንዲት ሴት ብቻዋን አንድ አሻንጉሊት የምታንቀሳቅስበት ኦቶሜ ቡንራኩ የሚባል ዓይነትም አለ።

ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል?

«እግር 10 ዓመት፣ ግራ እጅ 10 ዓመት» ይባላል። ጭንቅላቱን ለመያዝ መብቃት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከባድ ነው። ግን ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ አይደለም። ከ1972 ጀምሮ ብሔራዊ ቲያትሩ የሁለት ዓመት ሥልጠና ይሰጣል፤ ዛሬ ከሚሠሩት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከዚያ የወጡ ናቸው። የተወለዱበት ቤት ምንም ይሁን ምን መግባት ይቻላል።

እየጠፋ ነው እንዴ?

ብዙ ጊዜ ሊጠፋ ነው ተብሏል። በመጋቢት 1945 የኦሳካ የአየር ድብደባ ቲያትር ቤቱ ከነ አሻንጉሊቶቹና ከነ አልባሳቱ ተቃጠለ። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተከፈተ። በ1963 ሲያስተዳድረው የነበረው ሾቺኩ ኩባንያ ኪሳራው በዝቶበት ተወው፤ ያን ጊዜ የቡንራኩ ማኅበር ተቋቋመ። በ2012 የኦሳካ ከንቲባ የነበሩት ቶሩ ሐሺሞቶ የከተማውን ድጎማ ለማቋረጥ ተነሥተው ትልቅ ክርክር አስነሡ።

ዩኔስኮ በ2003 እውቅና ሰጥቶት በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ የእኛ መስቀል በ2013 የገባበት ያው መዝገብ ነው። ግን መዝገብ አሻንጉሊት አያንቀሳቅስም። የኦሳካው ቡድን ከመቶ ሰው በታች ነው። ለአንድ አሻንጉሊት ሦስት ሰው ሲመደብ፣ ጥቂት ወጣቶች አንሰው እንኳ መድረኩ ላይ ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ግራ እጅ የሚይዝ ሰው መጥፋቱ።

የት ላየው እችላለሁ? ጃፓንኛ ሳልችልስ ይገባኛል?

ኦሳካ፣ ኒፖንባሺ ሰፈር፣ በ1984 የተከፈተው ብሔራዊ የቡንራኩ ቲያትር አለ። ዋና ዋና ዝግጅቶቹ በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም በኅዳር ናቸው። የቶኪዮው ብሔራዊ ቲያትር በ2023 ለእድሳት ስለተዘጋ እዚያ ያሉት ዝግጅቶች በሌሎች አዳራሾች ይታያሉ።

ቋንቋው አያስፈራችሁ። የድሮ ጃፓንኛ ስለሆነ ለጃፓናውያንም ከመድረኩ በላይ ጽሑፉ ይታያል። ታሪኩን ቀድማችሁ አንብቡ፤ መጨረሻውን ማወቅ ምንም አይቀንስባችሁም፤ ጃፓናውያኑም አውቀውት ነው የሚመጡት።

ሙሉ ቀን መቀመጥ ከከበዳችሁ የአንድ ትዕይንት ብቻ ትኬት ጠይቁ። ምርጫ ካላችሁ «ሂዳካጋዋ ኢሪያይ ዛኩራ» ውስጥ ያለውን የወንዙን ትዕይንት እዩ። ኪዮሂሜ የሸሻትን ሰው ተከትላ ወንዝ ዳር ትደርሳለች። ጀልባ ቀዛፊው አላሻግርም ይላታል። በንዴት ውኃው ውስጥ ትገባና እባብ ሆና ትሻገራለች፤ ያቺን ጋቡ ያልኳችሁን ጭንቅላት የምታዩት እዚያ ነው። አጭር ነው፣ ብዙ ንግግር የለውም። ወንበር ስትመርጡ ደግሞ ወደ ቀኝ አድርጉት፤ ታዩን በቅርብ ታዩታላችሁ።